የሾፌሩ ስምንት ቀን በባሕር ላይ

የእህቴ ባል ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ዶሮ እንኳ ገጭቶ አያውቅም። ይህን እሱ ራሱ ላገኘው ሰው ሁሉ ስለሚያወራ እኔ አልደግመውም። እሱ የማያወራውን ላውራ፤ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት እህቴን ፊት ለፊት አይቷት አያውቅም። ሲያናግራት ዓይኑ ምንጊዜም ከፊቱ ያለው ነገር ላይ ነው፤ መንገድ ላይ ከሆኑ መንገዱ ላይ፣ ቤት ከሆኑ መስኮቱ ላይ። አውቶቡሱ ውስጥ የተለጠፈውን «ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» የሚለውን ማስታወቂያ የትዳር ውል ነው ብሎ የፈረመበት ይመስለኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሾፌርም ይጨመርበት።

የሰርጋቸው ፎቶ ላይ እህቴ እሱን ታያለች፤ እሱ ደግሞ ከፎቶ አንሺው ጀርባ የቆመችውን መኪና ያያል። «ያለቦታዋ ነበር የቆመችው» ይላል እስከ ዛሬ፣ ሲጠየቅ።

ጡረታ ሲወጣ ልጆቹ ተማክረው የስምንት ቀን የመርከብ ሽርሽር ገዙላቸው። ከቤተሰባችን መርከብ የረገጠ አንድም ሰው አልነበረም። እህቴ «የማወራው ሰው ያስፈልገኛል» ብላ እኔንም ጎተተችኝና በዚህ ዕድሜዬ ከባልና ሚስት ጋር አንድ ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ በተንጠለጠለ አልጋ ተኛሁ። ያሰበችውን የነገረችኝ ግን ገና ሻንጣ ስናዘጋጅ ነው።

«ስምንት ቀን እሰጠዋለሁ» አለች። «ሥራ ነው እያልኩ ችዬው ኖርኩ። አሁን ሥራ የለውም። አንዴ እንኳ ዞሮ ካላየኝ፣ ስንመለስ ሻንጣዬን ሳልፈታ ልጄ ጋ ነው የምገባው። ከጀርባ ጋር አላረጅም።»

«ታዲያ ንገሪው!»

«ለምኜ የማገኘው ነገር ምን ያደርግልኛል? አንቺም ትነግሪውና ዋ!»

ማልኩላት።

መርከቡ ሲነሣ ሌላው ሰው እጁን ያውለበልባል፤ የእኛው ካፒቴኑን ይታዘባል። «ፍሬቻ ሳያሳይ ወጣ» አለ። ከዚያ መርከቡ ፊት ላይ ዙሪያውን መስታወት የሆነ አዳራሽ አገኘና የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ተቀመጠ ስል ተተከለ ማለቴ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ባሕሩን ይነዳል። ከሩቅ ሌላ መርከብ ሲያቋርጥ ቀኝ እግሩ ፍሬን ፍለጋ ምንጣፉን ይረግጣል። ምግቡንም የሚበላው እዚያው ነው። አስተናጋጆቹ ስለለመዱት ሳህኑን አጠገቡ አስቀምጠው ዝም ብለው ይሄዳሉ።

እህቴ በሦስተኛው ቀን ዳንስ መማር ጀመረች። የሚያስጨፍራት ሚስቱ የሞተችበት ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ስታወራው ፊት ፊቷን ያያታል። እርግጥ የሚያየው ጥርሷን ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ያያል።

አፌ አላርፍ አለኝና ወደ አዳራሹ ሮጥኩ። «ጋሼ፣ እዚያ ታች አንድ የጥርስ ሐኪም ሚስትህን እያስጨፈራት ነው!»

ዓይኑን ከባሕሩ ላይ አላነሣም። «ይጠንቀቅ» አለ። «ስትዞር ወደ ግራ ትስባለች።»

ስለ ሚስቱ ሳይሆን ስለ አሮጌ አውቶቡስ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። ቆሽቴ አረረ። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ትስባለች።

በሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መሐላዬን በላሁት። ሄጄ በእሱና በባሕሩ መካከል ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ነገ ስንወርድ እትዬ ቤት አትገባም። ልጇ ጋ ልትኖር ነው። አንዴ ዞሮ ያየኝ ይሆናል ብላ ይኸው ሰባት ቀን ጠበቀችህ።»

«እየኝ አላለችኝም እኮ።»

«ፌርማታ ላይ የምትቆመው ተሳፋሪው ለምኖህ ነበር እንዴ?»

ቀኝ እግሩ ምንጣፉን ረገጠ። ባሕሩ ላይ ምንም መርከብ አልነበረም።

ለእራት ከሁላችንም ቀድሞ ደርሶ ቆሞ ጠበቀን። ሸሚዙን ቀይሯል። ከእህቴ ጎን ወደ ፊት የሚያሳይ ወንበር ነበር፤ አልፎት ሄዶ ከፊት ለፊቷ፣ ጀርባውን ለጉዞው ሰጥቶ ተቀመጠ። ይህ ሰው የሚሄድበትን ካላየ ሆዱ ይገለበጣል፤ የሰው መኪና ውስጥ እንኳ ያለ ጋቢና ተቀምጦ አያውቅም። ያን ምሽት ደግሞ ባሕሩ ተነሥቶ ብርጭቆዎቻችን ጠረጴዛው ላይ ይንሸራሸሩ ነበር።

አያት። ሾርባ መጣ፤ አልነካውም፣ አያት። መጀመሪያ ላብ አጠመቀው፣ ቀጥሎ ፊቱ ጎመን መሰለ።

«ምን ሆነሃል?» አለች እህቴ። «ተነሥ፣ በዚህ በኩል ተቀመጥ።»

«ተይኝ። መነጽር መቼ ነው የጀመርሽው?»

«አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ።»

«ያምርብሻል» አለና የዳቦውን ቅርጫት ስቦ እዚያው ላይ አስመለሰ።

በአጠገባችን የነበሩት ሁሉ ተነሡ። ሐኪሙም ሊረዳ ተነሥቶ ነበር፤ ነገሩ ጥርስ አለመሆኑን ሲያይ መልሶ ተቀመጠ። እህቴ የባሏን ግንባር ደግፋ እስኪጨርስ ያዘችው። ፊቱን ታጥቦ ሲመለስ አስተናጋጁ ወደ ፊት የሚያሳየውን ወንበር ሳብ አድርጎ ጠበቀው። አመስግኖት አለፈና ቅድም የነበረበት ተቀመጠ።

«አየኸኝ እኮ፣ በቃ» አለች እህቴ። «ለምን ራስህን ትገድላለህ?»

«ገና መነጽሩ ላይ ነኝ» አለ።

እህቴ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ። ከዚያ ዓይኗን ጠራረገችና አስተናጋጁን ጠራችው።

«ልጄ፣ ፌስታል ካለህ ሁለት ሦስት አምጣልን» አለችው። «ገና እንቆያለን።»