ድኛለሁ ካልኩ በኋላ

ወገኖቼ፣ ጌታ ይመስገን። ዛሬ የምመሰክረው አለኝ፤ መጀመሪያ ግን የማርመው ነገር አለ። ባለፈው ፋሲካ እዚችው ቦታ ቆሜ «ጌታ ከጭንቀት ፈውሶኛል» ብያችሁ ነበር። እልል አላችሁልኝ። አልተፈወስኩም ነበር።

ዋሸች እንዳትሉኝ፤ በእምነት ካወጅኩት ይሆናል ብዬ ነው። በማግስቱ ያው ነበርኩ። እናቴ ካረፈች ወዲህ እንቅልፍ የለ፣ ምግብ አይጥመኝ፣ ገላ መታጠብ እንኳን ያቅተኛል። የባሰው ምን መሰላችሁ? ያዘነ ሰው ሁሉ «እህት ሰናይትን አነጋግር፣ እሷ ድናለች» እየተባለ ወደ እኔ ይላካል። እጄን ጭኜ እጸልይለታለሁ። ሲወጣ በሬን ዘግቼ መሬት ላይ እተኛለሁ። እዚህ መካከላችሁ ቆሜ እየዘመርኩ፣ በልቤ «ብሞት ይሻለኛል» እል ነበር። እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ከሱቄ አጠገብ ሃሊማ የምትባል ሶማሌ አለች። ሙስሊም ናት፣ ምስክርነቴን አልሰማችም። አንድ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት ደጁ ላይ ቁጭ ብዬ አገኘችኝ።

«አቦ ሰናይት፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ደህና አይደለሁም» አልኳት። ያን ሁሉ ወር የታፈንኩት ይቺን ለማለት ነው። ሃሊማ ሱቋን ዘግታ፣ ባጃጅ ጠርታ፣ ከዚራ ሰፈር እህቷ ወደታከመችበት ክሊኒክ ይዛኝ ሄደች።

ሐኪሙ ድባቴ ነው አለኝ። እንደ ስኳር፣ እንደ ደም ግፊት ሕመም ነው እንጂ የእምነት ማነስ አይደለም ብሎ፣ በንግግር ወደምታክም ባለሙያ መራኝ። እኔ እኮ ልትመክረኝ መስሎኝ ነበር። ሴትዮዋ አብዛኛውን ትሰማለች። እውነቱን ለምን ለቤተ ክርስቲያን እንዳልተናገርኩ ስትጠይቀኝ፣ ጌታን አሳፍራለሁ ብዬ ነው አልኳት።

«ጌታሽ በሕመምሽ ያፍርብሻል?» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ «አማኝ እንዲህ አያለቅስም» ተብዬ በእናቴ ቀብር የዋጥኩት እንባ ያን ቀን ወጣ። ከዚያ በየሳምንቱ እየሄድኩ አወራለሁ። የቤት ሥራ ትሰጠኛለች፦ ጠዋት ሱቁን ክፈቺ፣ ምሳ ብቻሽን አትብይ። ከሃሊማ ጋር መብላት ጀመርኩ። አንድ ቀን ምግቡ ጣመኝ። ሃሌሉያ! ለእናንተ ትንሽ ነገር ናት፤ እኔ ግን ጎርሼ አለቀስኩ።

ዛሬ ድኛለሁ አልላችሁም። እየተሻለኝ ነው፤ ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ። በሃሊማ እጅ ደግፎ ያነሳኝ ጌታ ስሙ ይባረክ። ጸልዬላችሁ የሄዳችሁ፣ እንደ እኔ በር ዘግታችሁ የምትተኙ፣ ይቅር በሉኝ። ጌታን እመኑት፤ እውነቱን ብትነግሩት አይሸሻችሁም። እጅ አውጡ አልልም። ስንበተን በሩ ጋ እቆማለሁ። ሐሙስ በምሄድበት ባጃጅ ላይ ሁለት ቦታ አለ።