ማን ያባርርሃል?

ቼዝ የተማርኩት መምህራን ኮሌጅ ሳለሁ ከዶርም ጓደኞቼ ነው። መጥፎውን አመል ያመጣሁት ግን ቆቦ ተመልሼ፣ ሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ፣ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ መናኸሪያው አጠገብ፣ ስድስት አሮጌ ኮምፒውተሮች የተደረደሩበት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ጠባብ ክፍል ነበር። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ወገብ ይሰብራል። ማራገቢያ ነበረው፤ የሚያራግበው ግን ያንኑ ትኩስ አየር ነው። እኔ ከክፍል ስወጣ የጠመኔውን ብናኝ ከእጄ ሳላራግፍ ወደዚያ እሮጣለሁ። ፊቱን የማላየው አንድ ህንዳዊ ወይም ፖላንዳዊ ሰሌዳው ማዶ ይቀመጣል፤ እኔ ደግሞ ቆቦ ቁጭ ብዬ ላቡን አወጣዋለሁ። ያ ደስታ በዚያን ጊዜ ሌላ ቦታ የማላገኘው ነበር።

ችግሩ መብራት ነው። እኛ ጋ መብራት ለመጥፋት ምክንያት አይፈልግም፤ ንፋስ ከተነሳ ግን ነገሩ ያለቀለት ነው። መጀመሪያ አምፖሉ ሁለቴ ብልጭ ድርግም ይላል። ያን ጊዜ ከተማው በሙሉ ያውቃል። ወፍጮ ቤቱ እህል መጨመር ያቆማል፣ ፀጉር አስተካካዩ የጀመረውን ራስ በግማሹ እንዳይተወው በማሽኑ ይጣደፋል፣ ልብስ የሚተኩሰው ሰውዬ ሱሪውን ትቶ ወደ ሸሚዙ ይዞራል። ከዚያ ድርግም። ኮምፒውተሮቹ እንደጠፉ እኔም ከጨዋታው እወጣለሁ፤ ድረ ገጹ ትንሽ ይጠብቅና ተሸናፊ ብሎ ይመዘግበኛል። ንግሥት በልቼ፣ ቼክሜት ለማለት ሁለት እርምጃ ብቻ ቀርቶኝ የተሸነፍኩባቸው ጨዋታዎች አሁንም ሳስባቸው ያንገበግቡኛል።

ስለዚህ መብራቱን መቅደም ተማርኩ። ወታደሮቼን በነፃ እየሰጠሁ መንገድ እከፍታለሁ፤ ፈረሶቼንና ንግሥቴን ይዤ ተጋጣሚዬ ገና ቤቱን ሳያስተካክል ንጉሡ ላይ እወርዳለሁ። ሃያ እርምጃ ሳይሞላ ወይ እገድላለሁ ወይ እሞታለሁ። ብዙውን ጊዜ እገድል ነበር። ነጥቤ ከሁለት ሺህ አለፈ፤ ይህ ኢንተርኔት ላይ ለሚጫወት ሰው ቀላል አይደለም። ተማሪዎቼ ሰምተው መንገድ ላይ ሲያዩኝ «ቼክ!» እያሉ ያሾፉብኝ ጀመር። እኔም እኮራ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

ሰውዬውን ያገኘኋቸው በዚያ ጊዜ ነው። ደሴ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የመንገድ ቀያሽ ናቸው። ያኔ ግን ይህን አላውቅም፤ ለእኔ ድረ ገጹ ላይ ያለ አንድ መጠሪያ ብቻ ነበሩ። ሦስት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፍኳቸው። ሦስቱም ቶሎ አለቁ። ከሦስተኛው በኋላ አማርኛውን በላቲን ፊደል የጻፉት መልእክት መጣልኝ፤ «ጎበዝ ነህ። ግን ማን ያባርርሃል?» ይላል።

መልስ ሳልሰጥ አራተኛውን ጀመርኩ። በአራተኛው ወታደሮቹን አልበሉልኝም። ዝም ብለው ቤታቸውን አጠሩ፤ ንግሥቶቹን አቀያየሩ፤ ሰሌዳው ላይ ትንሽ ነገር ብቻ ሲቀር እየዞሩ እየዞሩ አንቀው ገደሉኝ። አምስተኛውም እንደዚያው ሆነ። ስልካቸውን የጠየቅኋቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ይደውሉልኝ ጀመር። የሳምንቱን ጨዋታዎቼን አስቀድሜ እልክላቸዋለሁ፤ እሳቸው በደብተር ላይ ገልብጠው፣ ሰሌዳቸውን ዘርግተው ይጠብቁኛል። ሰላምታው ረጅም ነው። ቤተሰብ፣ ዝናብ፣ ማሽላ፣ ጤና ሁሉ ይጠየቃል። ከዚያ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ምሕረት የሚባል ነገር የለም።

«አሥራ አንደኛው እርምጃህ ላይ ምን አስበህ ነው?»

«ጥቃት ልጀምር ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«በምንህ? ግንቦችህ ጥግ ላይ ተኝተዋል እኮ! ሁለት ጤነኛ ሰው ያለ ሥራ ቀልበህ በአንድ ፈረስ ዘመቻ ትወጣለህ? ወላሂ እኔ ግንብህን ብሆን እቀየምሃለሁ።»

እስቃለሁ፤ እሳቸው አይስቁም። ያሸነፍኩባቸውን ጨዋታዎች ከተሸነፍኩባቸው ይበልጥ ይጠሏቸው ነበር። «ይሄ ስለተሳሳተልህ ነው ያሸነፍከው» ይሉኛል። ንጉሤን እስከ መጨረሻው ደብቄ እንደማስቀምጠው፣ ሰሌዳው ሲራቆት ግን እሱም እንደማንኛውም ወጥቶ መሥራት እንዳለበት ነገሩኝ። ስሸነፍ ተናድጄ ወዲያው ሌላ እንደምጀምር ከጨዋታዎቹ ሰዓት ላይ ደርሰውበታል። ከሁሉ የባሰው ግን መጠበቅ አለመቻሌ ነው። በቼዝ አንዳንድ ጊዜ ትክክለኛው እርምጃ ምንም የማያደርግ እርምጃ ነው፤ ግንብህን አንድ ቤት ወደ ኋላ፣ አንድ ቤት ወደ ፊት እያደረግህ ሌላው ሰው እስኪሰለቸው ትቀመጣለህ። እኔ ይህን ስሞክር ጣቶቼ ያሳክኩኛል።

አንድ ቀን ደከመኝና ራሴን ለመከላከል ስለ አባቴ እርሻ ነገርኳቸው። ከከተማው በስተምሥራቅ ያለው መሬታችን ዝናብ ብቻ ጠብቆ አያበቅልም። ዝናቡ የሚወርደው በስተምዕራብ ተራራው ላይ ነው፤ እኛ ጋ ፀሐይ ወጥታ እያለ ጎርፉ ይመጣል። ያን ጊዜ መንደሩ ይጯጯሃል፤ አካፋና ዶማ ይዘን እንሮጣለን፤ ጎርፉን ጠልፈን ወደ ማሳው ካላስገባነው በጥቂት ጊዜ ውስጥ አልፎን ወደ አፋር ይወርዳል፤ የዓመቱ ማሽላም አብሮት ይሄዳል። «እኔ በዚህ ነው ያደግኩት፣ ጋሼ። የኛ አገር ሰው ካልቸኮለ አይበላም» አልኳቸው።

እሳቸው በወጣትነታቸው የቆቦን መንገድ ሲቀይሱ ዋጃ ላይ ድንኳን ተክለው ከርመው ነበር፤ አገሩን ያውቁታል።

«ጎርፉ የሚዞርበትን ግድብ አባትህ መቼ ነበር የሚሠሩት?» አሉኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። በበጋ ነው። አባቴ ወራቱን ሙሉ፣ ሰማዩ ላይ አንድ ደመና ሳይኖር፣ የግራር ቅርንጫፍ እየጎተቱ፣ ድንጋይ እየደረደሩ፣ ቦዩን እየጠረጉ ይከርማሉ። እኔ ያኔ ትምህርት ቤት ነኝ። የማስታውሰው ሩጫውን ብቻ ነው።

«በበጋ» አልኳቸው።

«እንግዲያውስ አባትህን አትስደብ» አሉና ወደ አሥራ አንደኛው እርምጃ ተመለሱ።

በዚያው ዓመት የክልሉ የቼዝ ቡድን ምርጫ መጣ። ተጫዋቾቹን ከየከተማው ሰብስቦ ለማወዳደር አልተቻለምና ማጣሪያው በኢንተርኔት እንዲሆን ተወሰነ። የሚያልፉት አራት ናቸው። አራቱ ክልሉን ወክለው ሄደው በእውነተኛ ሰሌዳ፣ በእውነተኛ ሰዓት፣ ፊት ለፊት ከተቀመጠ ሰው ጋር ይጫወታሉ። ይህን ምን ያህል እንደፈለግሁት ለመናገር አሁንም አፍራለሁ። ዕድሜዬ ወደ አርባ እየተጠጋ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ከኮሌጅ ጓደኞቼ በቀር የተጋጣሚዬን ፊት አይቼ አላውቅም። አንዴ ብቻ፣ አንድ ሰው ከጨዋታ በኋላ ተነስቶ እጄን እንዲጨብጠኝ እፈልግ ነበር።

እስከ መጨረሻው ጨዋታ ድረስ ደህና ሄድኩ። በመጨረሻው እኩል ከወጣሁ አልፋለሁ። ማሸነፍ አይጠበቅብኝም፤ እኩል ብቻ። የደሴው ሰውዬ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ አስጠኑኝ፤ ለሁለቱም አንድ አንድ ግንብና ጥቂት ወታደሮች ሲቀሩ እንዴት ተከላክሎ እኩል እንደሚወጣ። «ግንብህን አትልቀቅ። ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት። እንቅልፍ እስኪወስደው» ይሉኛል። መብራቱን እንዳልፈራ ደግሞ የሥራ ባልደረባዬ ላፕቶፑን አዋሰኝ። ባትሪው አዲስ ነው፤ ኢንተርኔቱ በሲም ካርድ የሚሠራ ሞደም ነው፤ የኔትወርክ ማማው የራሱ ጄኔሬተር አለው። ባለቤቴ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ይዛ ሮቢት እህቷ ጋ ሄደች። በሩ ላይ ዞር ብላ «እንግዲህ ዛሬ እኛ ላይ አታሳብብም» አለችኝ።

ተጋጣሚዬ ሌላ ከተማ ያለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ ተጫውቼ አላውቅም። ግንቦቼ ሠሩ። ንጉሤ ወጣ። ንግሥቶቹ ተበላሉ፣ ፈረሶቹ ተበላሉ፤ ሰሌዳው ላይ ልክ ስንማረው የከረምነው ነገር ቀረ፤ ለእሱ አንድ ግንብና ሦስት ወታደር፣ ለእኔም እንዲሁ። የማሰቢያ ሰዓትም በቂ አለኝ። ግንቤን ወደ ኋላ አደረግሁ። ወደ ፊት አደረግሁ። ልጁ መፍትሔ ጠፍቶት ረጅም ማሰብ ጀመረ።

ንፋሱ የተነሳው ያን ጊዜ ነው። አቧራው መስኮቱን ደበደበው፤ የግቢው ቆርቆሮ ተንጓጓ። አምፖሉ ብልጭ አለ። እንደገና ብልጭ አለ። ጎረቤት የነበረው ቴሌቪዥን ተቋርጦ ተመለሰ፤ አንዲት ሴት «መብራት ልትሄድ ነው!» ብላ ስትጮህ ሰማሁ።

እጄ ሄደ። ሌላ ቃል የለኝም። ጨዋታው ቶሎ እንዲያልቅ ግንቤን ከግንቡ ጋር አቀያየርኩ። ከዚያ የቀሩት ንጉሦቹና ወታደሮቹ ብቻ ናቸው፤ ቤት መቁጠር ነው። ቆጠርኩ። የልጁ ንጉሥ ከእኔ በአንድ እርምጃ ይቀድማል። እንደገና ቆጠርኩ፤ ያው አንድ ነው። ለማንኛውም ብዬ እስከ መጨረሻው ተጫወትኩ፤ ወታደሩን አንግሦ እስኪጨርሰኝ ድረስ። ለዓመት ሙሉ የሰለጠንኩለትን ነገር በአንድ ጠቅታ አጠፋሁት።

ቀና ስል አምፖሉ በርቷል። መብራቱ ያን ቀን አልጠፋም። በማግሥቱም አልጠፋም። ላፕቶፑን እንኳ ግድግዳው ላይ አልሰካሁትም ነበር፤ ባትሪው ከግማሽ በላይ አለው። ቢጠፋስ ምን ሊያደርገኝ ነበር? ራሴን በጥፊ መምታት አማረኝ።

ስልኩ ጮኸ። ሰውዬው ናቸው። ለእኔ ሲሉ፣ በነፃ፣ የጠዋት እረፍታቸውን እየተዉ የደከሙባቸው ደብተሮች ታዩኝ። ዋጃ ድንኳን ውስጥ የከረሙት፣ አባቴን ሳያውቋቸው ያከበሩት ሰው። ምን ልበላቸው? አፌ ቀደመኝ።

«ጋሼ፣ መብራት ሄደብኝ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። «አብሽር። የኛ አገር መብራት ምን ይደረጋል?»

ተገላገልኩ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ስክሪኑን አየሁት። ጨዋታውን በቀጥታ ሲከታተሉ የነበሩ ሰዎች ዝርዝር ከጎን ተጽፏል፤ ብዙም አይደሉም፣ አራት ናቸው። ሁለተኛው የሳቸው መጠሪያ ነው። ግንቡን ስለቅ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ያደረግኋቸውን እርምጃዎች፣ እስከ ቼክሜቱ ድረስ፣ አንድ በአንድ አይተዋል። መብራት የሄደበት ሰው እንደዚያ አይጫወትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደወሉ። ሰላምታው እንደወትሮው ረጅም ነበር። ቤተሰብ፣ ዝናብ፣ ማሽላ። ከዚያ «ጨዋታዎችህን አየኋቸው፤ ደህና ናቸው» አሉ። ጠበቅሁ። ሌላ አልተናገሩም። በተከታዩም ቅዳሜ እንደዚያው። አንድም ቀን አልተቆጡም፤ አንድም ቀን አልገፉኝም፤ ድምፃቸው ውስጥ ቅያሜ ፈልጌ አላገኘሁም። ጉድለቴን መንገር ብቻ ተዉ። እንግዳን እንደሚያስተናግዱ ነበር የሚያስተናግዱኝ። «ጋሼ፣ ያን ቀን መብራት አልጠፋም ነበር» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ አዘጋጅቼ እንደዋጥኩት አላውቅም። በመጀመሪያው ሳምንት ቀላል ነበር። ወር ሲሞላው ከበደኝ፤ ዓመት ሲሞላው ማን ያነሳዋል?

የዚያ ዓይነት ምርጫ ሁለተኛ አልገጠመኝም። ለእሱም ቢሆን እንባዬ ደርቋል። የጎደለኝ ሌላ ነው። ከእሳቸው በቀር ተሳስተሃል ብሎኝ፣ የቱ ጋ እንደሆነም አሳይቶኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረኝም። አሁን ስጫወት የማጠፋውን አላየውም፤ ነጥቤም ቀስ በቀስ ወርዷል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ሳምንት ሆን ብዬ አንድ ጨዋታ ላክሁላቸው። ወታደሮቼን በትኜ፣ ግንቦቼን ጥግ አስተኝቼ፣ ንግሥቴን በሰባተኛው እርምጃ በነፃ የሰጠሁበት ነው። ቼዝ ትናንት የጀመረ ልጅ እንኳ ያፍርበታል። ቅዳሜ ጠዋት ስልኩን አጠገቤ አስቀምጬ ጠበቅኳቸው፤ ይስደቡኝ፣ ይጩሁብኝ፣ «ምን አስበህ ነው?» ይበሉኝ ብዬ። ደወሉ። ስለ ልጆቹ ጠየቁኝ። ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጨዋታህን አየሁት» አሉኝ። «ማሻአላህ፣ ጥሩ ነው። በርታ።»