አገኘሽና የእርቁ ድንጋይ

አገኘሽ ከጎጃም ወደ ቆላው ሸሕዲ የወረደችው ሰሊጥ ለማረም ነበር፤ ታጠቅን እዚሁ አገባች። ታጠቅ ትራክተር ነጂ ነው፤ ደጅ ሲውል ሳቂታ፣ ቤት ሲገባ ዱላ። ክንዷን የሰበራት ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄዳ "ወድቄ ነው" አለች። ነርሷ ሰርክአዲስ ግን አላመነቻትም፤ ወደ እኛ አመጣቻት። ከዚያ ወዲህ አገኘሽ ባለሱቋ ኩብራ ዘንድ ተጠግታ ቀረች።

እኛ ማለት ባል የደበደበን ሴቶች ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከኩብራ ሱቅ ጓሮ ተሰብስበን ሥዕል እንስላለን። ሰው "የሕፃን ጨዋታ" ይለናል። ይበል! አፋችን እምቢ ያለውን እጃችን ያወጣዋል። አገኘሽ ግን ወረቀቱን ጥቁር ከመቀባት በቀር ምንም አትስልም ነበር። ማንም አልተጫናትም።

አንድ ቅዳሜ ታጠቅ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ሽማግሌ የሚሄደው ወደ ወላጅ ቤት ነበር፤ አገኘሽ ቆላ ላይ ወላጅ የላትምና አባ ደረበ ሁለት ሰው አስከትለው ጓሯችን ገቡ። ታጠቅ ከኋላ፣ ድንጋይ ጫንቃው ላይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ። ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው እምቢ ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። የተበደለው ያወርድለታል፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ሚስት ከሆነች ደግሞ ጓዟን ጠቅልላ ትከተላለች። አሁን ከሄደች የምትመለሰው በቃሬዛ ነው አልሁ።

"አውርጅለት ልጄ" አሉ አባ ደረበ። "ምን አደረገሽ ብለን ገበና አናስወጣሽም።"

አገኘሽ ቀለም አነሳች። እነሱ ቆመው እያዩ ሥዕሏን ሳለች፦ ቺንጋ፣ የትራክተር ሞተር ቀበቶ፣ የጨበጠ ወንድ፣ ከእግሩ ሥር የተኮራመተች ሴት። ጨርሳ ፊታቸው መሬት ላይ ዘረጋችው። አንደኛው ሽማግሌ ፊታቸውን አዞሩ። ታጠቅ ከድንጋዩ ክብደት ጎብጦ ነበር፤ አላዘንሁለትም።

ከዚያ ተነስታ ሄደችና ድንጋዩን አወረደችለት።

"ይቅር ብየዋለሁ አባ። ቂም አልይዝም። ቤቱ ግን አልገባም።"

"እንዴት ይሆናል? ድንጋይ ከወረደ እርቅ ነው፤ ከታረቅሽ ደግሞ ወደ ቤትሽ ነው።"

"እርቁን ይውሰዱት፤ እኔን ግን አይወስዱኝም።"

ታጠቅ ሊናገር አፉን ሲከፍት አባ ደረበ ሥዕሉን እንደገና አዩና በእጃቸው ዝም አሰኙት። ታጠቅን አዙረው ይዘውት ሊወጡ ሲሉ ፊታቸውን ያዞሩት ሽማግሌ "ድንጋዩስ?" አሉ።

አገኘሽ አንስታ ሥዕሉ ጫፍ ላይ አስቀመጠችው።

"እዚሁ ይቅርልን አባቴ፤ ነፋስ ወረቀታችንን እየወሰደ አስቸግሮናል።"