መምህር ደምሴና አስረኛዋ እናት

ስልኬን ሦስት ጊዜ ዘጋሁና ከፈትኩ። ሌላ ደምሴ ነው፣ የስም መመሳሰል ነው አልኩ። ከዚያ ከእሳቸው ጋር ቢሮ ይጋሩ ለነበሩት መምህር ደወልኩ። "እውነት ነው ወንድሜ፣ ዛሬ ጠዋት አረፉ" አሉኝ። መርሳ መናኸሪያ መሐል እንደቆምኩ ቀረሁ።

ለማታውቋቸው፦ መምህር ደምሴ፣ ወልድያ ላይ ማስተርሴን ስማር የምርምር ዘዴ ያስተማሩኝ፣ የመመረቂያ ጽሑፌም አማካሪ ናቸው። ነበሩ ልበል እንግዲህ። አብረውኝ የጀመሩት ሁሉ ተመርቀው ሄደዋል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። "የት ደረስክ?" ብለው የሚደውሉልኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

የመጀመሪያው ቀን ኦንቶሎጂ፣ ኤፒስቲሞሎጂ የሚሉትን የእውነትና የዕውቀት ፍልስፍና ፈርተን ነው ክፍል የገባነው። እሳቸው ግን "የትናንቱ ዝናብ እንዴት ነበር?" ብለው ጀመሩ።

የሐራው ልጅ "ተመስገን ነው፣ ማሽላችን ጠጣ" አለ። የወልድያዋ ባለሱቅ "ኧረ ዕቃዬን አበሰበሰብኝ!" አለች። እኔም መኪና ስጠብቅ በስብሼ እንደመጣሁ ተናገርኩ።

"ዝናቡ አንድ ነው። ታዲያ ከሦስታችሁ ማን ዋሸ?"

ራሳቸው መለሱት፦

"ማንም አልዋሸም። እዚህ የምናጠናው በየሰዉ ላይ እንዴት እንደዘነበ ነው።"

እኔ ነገረኛው እጄን አወጣሁ። "ስለዚህ ማንም የፈለገውን ቢል እውነት ነው?"

ሳቁ። "አልወጣኝም! ያልዘነበውን ዘነበ ያልክ ቀን ዋሽተሃል።"

ያ ቀን እኔው ላይ መጣ። ጥናቴ ልጆቻቸው ዓረብ አገር የሄዱባቸው የሀብሩ ወረዳ እናቶች ላይ ነው። አስር አናግራለሁ ብዬ ዘጠኝ ላይ ሰነፍኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም። አስረኛዋን ቤቴ ቁጭ ብዬ ፈጠርኳት።

ረቂቁን አንብበው ቢሮ ጠሩኝ። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ዘጠኙ እናቶች ያለቅሳሉ፣ ይራገማሉ፣ ይስቃሉም። አስረኛዋ 'የስደቱ ዋና መንስኤ ኢኮኖሚያዊ ችግር ነው' ትላለች። እስቲ ሙት በለኝ፣ የትኛዋ የሀብሩ እናት ናት እንዲህ የምትለው? ይህቺ ሴትዮ አንተ ነህ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አልጮሁብኝም፤ ለማንም አልተናገሩብኝም። ሁልጊዜ የሚሏትን ብቻ አሉኝ፦ "የአንተን ተወውና እናቶቹ ያሉትን አምጣልኝ።"

ወራት በሀፍረት ጠፋሁ። ባለፈው ሳምንት እንኳን ደውለው ነበር። ስልኩ እስኪዘጋ ዝም ብዬ አየሁት። ወይኔ! ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ።

ዛሬ ጠዋት እንደምንም ራሴን ገፍቼ እዚያው ሀብሩ፣ ውርጌሳ ሄድኩ። አንዲት እናት አገኘሁ፤ ስማቸውን አልጽፍም። ስለ ልጃቸው ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ "ቅዳሜ ቅዳሜ ጫማዋን አጥበዋለሁ። 'ማን ሊያደርገው?' ይሉኛል። እኔ ምን አውቄ፣ ብቻ አጥበዋለሁ።"

ይህን በመቶ ዓመት አልፈጥረውም።

ልሄድ ስል ደግሞ "ይህን ጠይቅ ብሎ የላከህ ማነው ልጄ?" አሉ።

"መምህሬ ናቸው።"

እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። "ለመምህርህ ዕድሜ ይስጥልኝ። ስለሷ ቁጭ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።"

መርሳ ስደርስ ልነግራቸው ስልኬን አወጣሁ። ያኔ ነው መርዶውን ያየሁት።

ቤቴ ገብቻለሁ። በስልኬ የቀዳሁትን ከፍቼ የእኚያን እናት ድምፅ እሰማለሁ። "እንዴት ነው መምህር፣ ይሄኛውስ?" የምለው ሰው የለኝም። በስልክ ያናገርኳቸው መምህር ሌላ አማካሪ ይመደብልሃል ብለውኛል። ይመደብልኝ።

መምህር፣ ጥፋቴን በራሴ አፍ አልነገርኩዎትም። እርስዎ ነዎት የደረሱበት፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ፣ ይቅርታ እንኳን ሳልል። ዛሬ ልል ነበር።

እኚያ እናት ዕድሜ ሲመርቁልዎት ከልቤ "አሜን" ብያለሁ። ለካ እርስዎ ያን ጊዜ ሄደው ኖሯል።

ደህና ይሁኑ መምህሬ። ይቅር ይበሉኝ።