ቅቤ የጠጣው ማተሚያ

እኔ ፈሪ ነኝ፤ ይህን ስናገር አላፍርም። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ቆቦ ውስጥ የማይፈራ ሰው ካለ ወይ ጡት የሚጠባ ሕፃን ነው፣ ወይ ሰው ሁሉ የሚፈራው ሰውዬ ራሱ ነው እል ነበር። የቢሯችንን ጽዳት ሠራተኛ እስካውቃቸው ድረስ ማለቴ ነው።

ሥራዬ ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ነበር። አዲስ አበባ ጥቂት ሳምንት አሠልጥነው፣ ከአንድ ኮምፒውተርና ከአንድ ማተሚያ ጋር ፒክአፕ ላይ ጭነው፣ ቆቦ አንድ የእርሻ ፕሮጀክት ቢሮ ደጃፍ አራገፉኝ። እኔም ዕቃዎቹም እኩል አቧራ ለብሰን ነው የደረስነው። በከተማው ሌላ ኮምፒውተር አልነበረም፤ ስለዚህ የሚያግዘኝም የሚያርመኝም ሰው የለም። አለቃዬን «ቢበላሽ ማንን ልጠይቅ?» ስለው «እንዳይበላሽ አድርጊ!» አለኝ። በቃ፣ መመሪያው ይኸው ነው።

ጽዳት ሠራተኛዋ ከእናቴ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ «እትዬ» ነበር የምላቸው። ከሮቢት በኩል የመጡ ረጅም የራያ ሴት ናቸው። ልጃቸውን ለውትድርና ወስደውባቸዋል፣ የት እንዳለ አያውቁም። እንዲያም ሆኖ ሳቃቸው ከግቢው አልፎ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። ጠዋት ጠዋት ውሃ ረጭተው ሲጠርጉ በሩንም፣ ጄኔሬተሩንም፣ የኔን ኮምፒውተርም በየተራ ይመርቃሉ። «አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ» ይሉታል ኮምፒውተሩን፣ እንደ ሰው ፊት ለፊት እያዩት።

የአውራጃው ካድሬ ሲመጣ ሁላችንም ከወንበራችን ብድግ እንላለን። ወጣት ነው፤ ሽጉጡን ወገቡ ላይ ሻጥ አድርጎ ይመጣል። እትዬ ግን ከመጥረጊያቸው ቀና እንኳ ሳይሉ «አንተ ልጅ፣ እግርህን ጥረግ እንጂ! አሁን ነው የጠረግሁት» ይሉታል። እኛ ትንፋሻችንን እንውጣለን። እሱ ግን፣ ይገርማችኋል፣ ጫማውን ደጃፉ ላይ ፈትጎ ይገባል። በየጊዜው እንዲህ ነበር፣ በየጊዜውም ዛሬስ አለቀላቸው እላለሁ።

ማተሚያው ደግሞ ጯሂ ነገር ነበር። መርፌ የያዘች ጭንቅላት አለችው፤ በአንድ ቀጭን ብረት ላይ ወዲያና ወዲህ እየሮጠች ወረቀቱን ትወቅጠዋለች። አዲስ አበባ ሳለ ደህና ነበር። ከዞብል በኩል የሚነፍሰው የቆቦ አቧራ ከገባበት ወዲህ ግን ጩኸቱ ጥርስ ያስነክሳል።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያለቅሰው?» አሉኝ እትዬ አንድ ቀን።

«ሥራው ነው፣ እትዬ።»

«የምን ሥራ! ደርቆ ነው እንጂ። የጠማው ነገር ድምፁን አላውቀውም?»

ሳቅሁና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ምናለ ያኔ ጆሮ ሰጥቼ ሰምቻቸው ቢሆን! ከዚያ ጥቂት ቀን ቆይቶ ማተሚያው ጸጥ ብሎ መሥራት ሲጀምር እንኳ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ዕቃም እንደ ሰው አገሩን ሲለምድ ይረጋጋል ብዬ ደስ አለኝ፤ ሞኝ!

እዚህ ላይ ፍርሃቴን እንድትረዱልኝ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከጥቂት ወራት በፊት በጎብዬ በኩል አንድ የመስኖ ፓምፕ ተቃጥሎ ነበር። ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ ደግ ሠራተኛ ነው፤ ሳሙና እንኳ ከፕሮጀክቱ ወስዶ አያውቅም። «አሻጥር ነው» ተባለና ወሰዱት። አሻጥር ማለት ያኔ አንድን ሰው ከቤቱ ለማውጣት የምትበቃ ቃል ነበረች። ሲመለስ አየሁት፤ ሰላም ስለው ማን እንደሆንኩ ለማወቅ ሳይሆን ማን እንደሚያየን ለማወቅ ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩን ባበራሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው በሩን ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ደረሰ።

አለቃዬ ለስብሰባ ደሴ ሄዷል። ጠዋት ሥራ እንደገባን ካድሬው መጣ፤ እትዬ ውጭ ስለነበሩ እግሩን ጥረግ ያለው የለም። በአስፋልቱ ወደ ሰሜን የሚያልፉ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ምሳ ላይ ቆቦ ያርፋሉ፣ የፕሮጀክቱን ሪፖርት ማየት ይፈልጋሉ አለኝ። «ስድስት ሰዓት ላይ እጄ ውስጥ ይሁን።»

«ተጽፎ አልቋል ጓድ፣ አሁኑኑ ይታተማል» አልኩና ቁልፉን ተጫንኩ። ማተሚያው «እ…ህ» አለና ዝም አለ። ቀይ መብራቱ ቦግ አለ። ስክሪኑ ላይ በአረንጓዴ ፊደል፣ በእንግሊዝኛ፣ ማተሚያው ዝግጁ አይደለም የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ ከሥሩም ልተወው፣ ልድገመው ወይስ ልለፈው ብሎ ይጠይቀኛል። ድገመው አልኩት። ያንኑ መለሰልኝ።

«ምንድን ነው?» አለ ካድሬው ከኋላዬ።

«ምንም አይደለም፣ ጓድ።»

«ምንም ካልሆነ ለምን አይሠራም?»

ቁልፉን ደግሜ ተጫንኩ።

«ሲሠራ ከርሞ ነው ዛሬ የቆመው? እንግዳ በሚመጣበት ቀን?» ጎንበስ ብሎ ማተሚያውን አየው። «ማን ይነካዋል ይህን ዕቃ?»

«ከኔ በቀር ማንም አይነካውም» አልኩ። እውነት መስሎኝ ነው እንጂ ጀግንነት አይደለም፤ ጀግንነትማ ከየት መጥቶ!

«እንግዲያው አንቺ ታውቂያለሽ» አለና ወጣ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ «በሩ ክፍት ይሁን» አለኝ።

ትንሽ ተቀመጥኩና፣ አልቅሼ የሚመጣ ነገር እንደሌለ ሲገባኝ፣ የተማርኩትን ከላይ ጀምሬ መሞከር ያዝኩ። ኮምፒውተሩንና ማተሚያውን የሚያገናኘውን ገመድ በሁለቱም ጫፍ ነቅዬ፣ አቧራውን እፍ ብዬ መልሼ ሰካሁት። እንቢ አለ። ጎንና ጎኑ የተበሳሳውን ወረቀት አውጥቼ ቀዳዳውን ከጥርሱ ጋር አስተካክዬ አስገባሁት። እንቢ። የቀለም ጥብጣቡን ቀየርኩ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ በሌላ ዲስክ እንደገና አስነሳሁት። ያው ቀይ መብራት፣ ያው ጥያቄ። ስቸኩል እያንዳንዱን ነገር ሁለቴ ነበር የምሠራው፤ አንዴ ለመሳት፣ አንዴ ለማስተካከል።

ከዚያ አሠልጣኛችን የነገረን ትዝ አለኝ። ማን እንደታመመ ካላወቃችሁ ሁለቱን ለያዩአቸው፣ ይል ነበር። ማተሚያው ላይ ያለችውን አንዷን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ማብራት ነው፤ ጤነኛ ከሆነ ያለ ኮምፒውተሩ ትእዛዝ በራሱ ፊደል ይደረድራል። ገመዱን ነቀልኩ፣ ቁልፏን ተጫንኩ፣ አበራሁ። «እ…ህ» ብሎ ቆመ። ኮምፒውተሩ ንጹሕ ነው፤ በሽታው ያለው ማተሚያው ሆድ ውስጥ ነው።

ክዳኑን ስከፍት ሽታው ቀድሞ ተቀበለኝ። አደስ የገባበት የራስ ቅቤ። ጣቴን በብረቱ ላይ ሳሳልፈው ጥቁር ጭቃ ይዞ መጣ፤ ቅቤውና አቧራው ተለውሰው፣ ማታ ማታ እየረጉ፣ ያችን ሯጭ ጭንቅላት ባለችበት ጠፍረው ይዘዋታል። ክው አልኩ። ማን እንደሠራው ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም።

«እትዬ!» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

መጥረጊያቸውን ይዘው ገቡ። የተከፈተውን ክዳን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ልቅሶውን ተወ አይደል? አልሐምዱሊላህ!»

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ እንጂ ማን ያስብለታል! በኛ አገር አዲስ ነገር ቅቤ ሳይነካው ይገባል እንዴ? ሙሽራ ትቀባለች፣ አራስ ትቀባለች፣ የተገዛ በሬ እንኳ ቀንዱን ይቀባል። ይህ ምስኪን ከአዲስ አበባ ሲመጣ ማን ቀባው? አንቺው ራስሽ ደርቀሽ ነው የመጣሽው።»

ወይ ጉድ! አንዴ ልጮህባቸው አማረኝ፣ አንዴ እግራቸው ላይ ወድቄ ላለቅስ። «እትዬ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይህን ለማንም እንዳይናገሩ።»

«ምን ሰርቄ ነው የምደብቀው?» አሉኝ፣ ከልባቸው ገርሟቸው።

የፈራሁት ይህንኑ ነው። ካድሬው ገብቶ ማን ነካው ቢል እትዬ ወደ ኋላ አይሉም። እኔ ነኝ፣ ቀባሁት፣ ለናንተም ቤት ይሁን ብለው ይመርቁታል። ልጇን የወሰዱባት እናት ቂም ይዛ የመንግሥትን ማሽን አበላሸች ይባላል፣ ያውም እንግዳ በሚመጣበት ቀን! ለፓምፑ ሰውዬ ከዚህ ያነሰ በቅቶታል። ምክንያት ፈጥሬ ጀሪካን አስያዝኳቸውና ራቅ ካለው ቦኖ ውሃ እንዲያመጡ ላክኋቸው። «ምን ሆነሻል ዛሬ? ፊትሽ አመድ መስሏል» እያሉ ሄዱ።

የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑ ውስጥ አልኮልና ጥጥ ነበር። ብረቱን ጠረግሁ፣ ጥጡ ጠቆረ፤ ጠረግሁ፣ ጠቆረ። ጭንቅላቷን በጣቴ ገፋ ሳደርጋት መጀመሪያ አልነቃነቅም አለች፤ ቆይታ ግን ቀስ ብላ ተንሸራተተች። እሰይ የኔ እመቤት! ገመዱን መልሼ ክዳኑን ስገጥም የቡትስ ጫማ ድምፅ ከበረንዳው መጣ።

ቅቤ የነካው ጥጥ በሁለት እጄ ሙሉ ነው። መስኮቱ ወደ ግቢው ነው፤ ብወረውረው ይታያል። ቀሚሴ ኪስ የለውም። ክፍሉ ደግሞ እንደ ሠርግ ቤት አደስ አደስ ይሸታል። ሳላስብ ሻሼን ገፍፌ ያንን ጭቃ ቅቤ አናቴ ላይ ለቀለቅሁት፣ ጥጡን ብብቴ ውስጥ ወሸቅሁት፣ ሻሼን መልሼ ጠመጠምኩ።

ካድሬው ገብቶ ቆመ። አፍንጫውን ነፋ አደረገ። «ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ራሴን አሞኝ… ቅቤ አድርጌ ነው፣ ጓድ።» አንዲት የሞቀች ጠብታ ከሻሼ ሥር በግንባሬ ስትወርድ ይታወቀኛል፤ ምን ዓይነት ቀለም እንዳላት አላህ ይወቀው።

መልሱን ሳልጠብቅ ቁልፉን ተጫንኩ። ማተሚያው አንዴ ተንተፋተፈና ያንን ጥርስ የሚያስነክስ ጩኸቱን ለቀቀው። ያን ቀን ከሰማሁት ድምፅ ሁሉ የጣፈጠኝ እሱ ነው። ወረቀቱ እየተጣጠፈ ወረደ፤ ካድሬው ቆርጦ አጣጥፎ ያዘና ወደ በሩ ሄደ።

ደጃፉ ላይ ጀርባውን እንደሰጠኝ «እናቴ የልብስ ስፌት መኪናዋን ቅቤ ትቀባ ነበር» አለ። «ለጥቂት ቀን ዝም ይላል። ከዚያ ነክሶ ይቆማል።» እጄ ወደ ሻሼ ሄደ። «ሁለተኛ እንዳይደገም። ከኔ በላይም ሰው አለ።»

ሄደ። ማረኝ ልበል፣ ያዘኝ ልበል? ዛሬ የተወው ነገር ነገ ቢያስፈልገውስ?

እትዬ ጀሪካናቸውን አዝለው ሲመለሱ ማተሚያው ያወጣውን ወረቀት ትራፊ አዩ። «አየሽ? ሠራ! ቅቤ ማለት እኮ…» ብለው ሳይጨርሱ የኔን አናት አዩና በሳቅ ወደቁ። «እንዲህ ነው እንዴ ቅቤ የሚቀባው? ቆይ አጥቤሽ ደህና አድርጌ እቀባሻለሁ። ለሱም ነገ እጨምርለታለሁ።»

እንዳይነገር የፈለግሁት ነገር መነገር ነበረበት። አስቀምጬ ነገርኳቸው። ስለ ቀዩ መብራት፣ ካድሬው ማን ነካው እንዳለ፣ የፓምፑ ሰውዬ ምን ሆኖ እንደተመለሰ፣ ደጃፉ ላይ የተናገረውን ሁሉ። ሳቃቸው ከፊታቸው ላይ ቀስ በቀስ ሲሄድ እያየሁ ነው የነገርኳቸው። ሲያበቃ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው «ያ ረቢ! እኔን ቢወስዱኝ፣ ልጄ ሲመለስ ማን በር ይከፍትለታል?» አሉ። ከዚያ ፀጉሬን አጠቡልኝ፤ ቅቤ ግን መልሰው አልቀቡኝም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሲጠርጉ ኮምፒውተሩን በሩቁ ያልፉታል፤ አይመርቁትም። እኔ ክፍል ሲገቡም ደጃፉ ላይ ቆመው «ልግባ?» ይላሉ።

ካድሬው በሌላ ሳምንት መጣ። እንደ ልማዳችን ብድግ አልን። እኔ ጆሮዬን አቁሜ «አንተ ልጅ» የምትለዋን ጠበቅሁ። እትዬ መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ አንገታቸውን ደፍተው ከኛ ጋር ቆሙ። እሱም ደጃፉ ላይ ቆም አለ፤ ወደሳቸው አየ፣ ትንሽ ጠበቀ። ከነአቧራው ገባ።