በበዓሏ ያልተነሣው ቶርኖ

በ2008 ዓ.ም. ነበር፣ ክረምቱ ሳይወጣ። ሞጣ ከገባን ብዙም አልቆየንም። እኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ የመጀመሪያ ልጄን ማርታን በጀርባዬ አዝያለሁ።

ይህን ያስታወሰችኝ ያቺው ማርታ ናት። ባለፈው ቅዳሜ ጓዳ ስታጸዳ፣ የበርበሬ ማሰሮዬን ክዳን የሚጫነውን ክብ ብረት አንሥታ «እማ፣ ይኼ የምንድን ነው?» አለችኝ።

«የአባትሽ መዘውር ነው» አልኳት። ከዚያ በላይ አልነገርኳትም። እዚህ ልጻፈው።

ባለቤቴ አያሌው የቶርኖ ባለሙያ ነው። ቶርኖ ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጥ ማሽን ነው። የእኛው አሮጌ ነበር፤ ከመኝታችን ቀጥሎ ባለው ክፍል ተተክሏል። ስለቱን ወደ ብረቱ የሚያስጠጋው መዘውር በእጅ ይዞራል። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ አያሌው ከቢቸና ሲመለስ ሞተር ሳይክሉ ጭቃ ላይ ተንሸራተተና ቀኝ ትከሻውን ተጎዳ። ሐኪምም ወጌሻም አየው። ቁስሉ ዳነ፤ የክንዱ ጉልበት ግን አልተመለሰም። መዘውሩን ትንሽ ሲያዞር ላብ ያጠምቀዋል። ከዚያ ወጥቶ ደጅ ላይ ዝናቡን ያያል። በመጨረሻ ቶርኖውን ሊሸጠው ቆርጦ ከደጀን ገዢ አገኘለት፤ ሰውየው በፍልሰታ ማግስት መኪና ይዞ ሊመጣ ተቃጠሩ።

ታናሽ ወንድሙ ደሳለኝ ቢቸና ኤሌክትሪክ ያስተምራል። ትምህርት ተዘግቶ ነበርና፣ ይህን ሲሰማ አሮጌ ኮምፒውተርና ሁለት ትንንሽ ሞተሮች በጆንያ ጠቅልሎ መጣ።

«መዘውሩን ሞተር ያዙረው፤ ሞተሩን ኮምፒውተር ይዘዘው» አለ።

«እኔስ?» አለ አያሌው።

«አንተማ አለቃ ሆንክ። ተቀመጥና ተቆጣ።»

አያሌው ሳይወድ ሳቀ። «እሺ። ግን ሰውየው እስኪመጣ ብረት ሲቆርጥ ካላየሁ ይሄዳል። ቃል ሰጥቻለሁ።» መዘውሩን ራሱ በግራ እጁ ፈትቶ ሰጠኝ።

ጾሙን ሙሉ ሠሩ። እጃቸው ግሪስ ነበርና የተልባ ፍትፍቱን እኔው አጎርሳቸዋለሁ። ቅዳሴ ስሄድ ኪዳነ ምሕረትን አንድ ነገር ብቻ እለምናታለሁ፤ ሥራውን እንድትመልስለት።

መጀመሪያ በእንጨት ሞከሩት፤ ልኩን ሳተ። ደሳለኝ ኮምፒውተሩን ሲመረምር፣ አያሌው ዓይኑን ጨፍኖ ግራ እጁን በባዶው አዞረ። «ጥርሱ ስላረጀ ልቅ ነው። እጄ ትንሽ ወደ ኋላ መልሶ ነበር የሚጀምረው» አለ። ደሳለኝ ያንኑ ለኮምፒውተሩ ጻፈለት። በዋዜማው እንጨቱ በልኩ ወጣ። ብረት ለመሞከር ግን ጊዜ አልተረፈም።

በፍልሰታ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ጾም ስንፈታ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሐጂ ሰይድ መጡ። ወፍጮውን የሚያዞረው የብረት ዘንግ፣ አልቤሮው፣ ተሰብሮባቸው፣ ስባሪውንና ለምትኩ የሚሆን ድፍን ብረት ይዘዋል።

ደሳለኝ ከማዕዱ ተነሣ። «ይኸው ብረት መጣ! መብራትም አለ!»

«በዓል ነው» አለ አያሌው። ዓይኑ ግን ማሽኑ ክፍል ነበር።

«አንተ እጅህን አታንሣ። ማሽኑ ክርስትና አልተነሣ፣ ምን በዓል አለበት? ነገ መብራት ቢጠፋስ? መኪናው ይዞት ይሄዳል።»

እውነቱን ነበር። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«የለመንኳት እሷን ነው» አልኩ። «በበዓሏ አይነሣም።»

ሐጂ ሰይድ ብረቱን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። «ልጄ ልክ ናት። እኔ ለጁምዓ ስዘጋ እህላችሁን ይዛችሁ ደጄ ትቆሙ የለ? እኔም ነገ በጠዋት እመለሳለሁ።»

«እንግዲያው የመብራቱንም ነገር አደራ በያት» አለኝ ደሳለኝ።

«ብያታለሁ።»

መብራቱ ያን ቀን ብልጭ ድርግም እንኳ ሳይል ዋለ። እኔም ደግሜ ደግሜ አምፖሉን አያለሁ። ዛሬ ሳስበው፣ ማሽኑ ቢሄድብንም ያንኑ «አይነሣም» እል ነበር። ስለቀናን የምናገረው እንዳይመስል እፈራለሁ እንጂ።

በማግስቱ ስንነሣ መብራት የለም። ጥቂት ቆይቶ የደጀኑ ሰው መኪና ደጃችን ቆመ፤ ጫኞቹ ገመድ መፍታት ጀመሩ። አያሌው ቃሉን አያጥፍም። እኔ ወጣሁና «ቁርስ ሳትቀምስማ አትጭንም» ብዬ ሰውየውን አስገባሁት። ከዶሮው ያስቀረሁትን አቀረብኩ። በቃኝ ሲል «በሞቴ» አልኩት። እንጀራ ጨመርኩ፤ እንደገና «በሞቴ» አልኩት። በዕድሜዬ እንደዚያን ዕለት ሰው ለምኜ አላውቅም።

ሦስተኛውን እንጀራ ስዘረጋለት አምፖሉ በራ።

ደሳለኝ እየሮጠ ገባ። አያሌው አማተበና ቁልፉን በግራ እጁ ተጫነ። ማሽኑ ማንም ሳይነካው ወደ ኋላ አለ፤ ከዚያ ወደ ብረቱ ቀረበ። አልቤሮው ሲያልቅ፣ በቃላቸው በጠዋት የተመለሱት ሐጂ ሰይድ ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ቀለበት፣ ኩሽኔታቸውን፣ አወጡ፤ ጥብቅ ብሎ ገባ። የደጀኑ ሰው እጁን እየታጠበ «ለካ ያበላሽኝ ለዚህ ነው!» ብሎ ሳቀ። መርቆን ባዶ መኪናውን ይዞ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ማርታን አዝዬ፣ ጤፌን ተሸክሜ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ወፍጮው ይጮኻል። ተራዬ ሲደርስ ከኋላዬ ላሉት ሴት ለቀቅሁላቸው፤ ቀጥሎ ለመጣችውም። ድምፁን ትንሽ ልስማው ብዬ ነው።