ካፖርቱን የማያወልቀው ደራሲ

በላይፕዚጉ ቲያትር ቤት የተመልካቾችን ካፖርት ተቀብላ የምትሰቅለው ሮስቪታ፣ ደራሲውን የምታውቀው በካፖርቱ ነው። አዲስ ቲያትሩ በሚከፈትበት ምሽት ክርኑ የሳሳውን ቡናማ ካፖርት እስከ አንገቱ ቆልፎ እሷ ዘንድ ይቆማል፤ ቲያትሩ ሰልችቶት የራሱን ካፖርት ሊወስድ የሚወጣ ተመልካች ይኖር እንደሆነ ይጠብቃል።

«ያውልቁት እንጂ ጌታዬ፣ በላብ ሊያልቁ እኮ ነው!»

«ፊልም ስጽፍ ጥሎኝ የሚወጣውን አላየውም፤ እዚህ ግን ፊት ለፊት ነው። እንደለበስኩ ብጠብቅ ለመሹለክ ይመቸኛል።»

እሰይ! ዛሬ አንድ ሰው እንኳ ሳይወጣ አለቀ። ጭብጨባው በሩን እያንቀጠቀጠ ከውስጥ «ደራሲው! ደራሲው!» ሲባል፣ ሰውዬው የአንገቱን ቁልፍ መፍታት አቃተው። ሮስቪታ ፈታችለትና ካፖርቱን ከሁሉም ፊት ሰቀለችው።

«ይሂዱ፣ እጅ ይንሱ! ጭብጨባውን ሳይጠግቡ ካፖርትዎን አልመልስም» አለችው፣ ደረቷን ነፍታ።